ገለፈት፦ ጅማ ላይ የሜታል አልበም ስንሠራ የተያዘ ማስታወሻ

ጥር 2017፣ ክፍሉና ጆንያው

ክፍል ተገኘ። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። ስፋቱ ሦስት በአራት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ኪራዩ በወር 3,500 ብር። ለአከራያችን ለእትዬ “ሙዚቃ እንለማመዳለን” ብለናቸዋል። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ አልጠየቁም፣ እኛም አላብራራንም።

እቅዱ አምስት ዘፈን ያለው አልበም ነው። የሥራ ስሙ “ገለፈት”። ዘውጉ አቫንጋርድ ሜታል ይባላል። የሜታሉን ጩኸትና ፍጥነት ይዞ፣ ከክላሲካል፣ ከባህል ሙዚቃ፣ ከየትም የሚመጣ ድምፅ የሚቀላቅል ነው። እኛ የምንቀላቅለው ማሲንቆ፣ ክራርና ፉከራ ነው። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮና ድምፅ። ቀረጻና ሚክሲንግ የኔ ሥራ ነው።

ክፍሉን አጨብጭበን ፈተሽነው። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይንጫረራል። ለስቱዲዮ የሚሆን ስፖንጅ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ከአቅማችን በላይ ነው። ጅማ ላይ ግን የቡና ገለፈት ሞልቷል። ደረቅ ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ቅርፊት መፈልፈያ ቤቶቹ በር ላይ ተቆልሎ ነው የሚውለው። በነፃ ሰጡን። ወጪው የቃጫ ጆንያ ብቻ ሆነ፤ 40 ጆንያ፣ አንዱ በ80 ብር። ባጃጁ በምልልስ 400 ጠየቀ።

መጀመሪያ ጆንያዎቹን ግድግዳው ላይ በስሱ ደረደርናቸው። ጭብጨባው ጸጥ አለ፣ ባሱ ግን እንዳለ ቀረ። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ አካባቢ ያጉረመርማል፣ 3 ሜትሩ ደግሞ 57 አካባቢ። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ በስስ ጆንያ አይያዝም። ግማሹን አንስተን አራቱ ማዕዘኖች ላይ እስከ ኮርኒሱ ቆለልነው። አሁን ይሻላል። ክፍሉ ግን ሁለት በሦስት ሆነ። አራት ተጫዋች፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ከበሮ። ዞር ለማለት ተራ መያዝ ነው።

ጥር መጨረሻ፣ ዕቃው

ያለን ይሄው ነው። ሁለት ግቤት ያለው ያገለገለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታርን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ሳጥን)፣ 28,000 ብር። ለጩኸት የሚሆን ዳይናሚክ ማይክ፣ 5,500። ለማሲንቆና ለክራር ኮንደንሰር ማይክ፣ 9,000። 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ የራሴ ነው። የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ሪፐር። የጊታር አምፕ የለንም፣ ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው የምንጠቀመው።

በሁለት ግቤት ሙሉ ድራም መቅረጽ አይታሰብም። ስለዚህ ድራሙ በሚዲ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንዲመታው ሆኖ፣ ይጻፋል፣ ከበሮው ግን በእጅ ይመታል። ከበሮ መቺያችን አልወደደችውም። “ኮምፒውተሩ ከበላኝ እኔ ምን ልሠራ ነው?” አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ መልሱ መጋቢት ላይ ነው የመጣው።

ባፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን በአንዴ የሚያስተናግድበትን መጠን) 128 ላይ ሳደርገው ላፕቶፑ ይንጣጣል። 512 ላይ ደግሞ ጊታሪስታችን የመታው ነገር ዘግይቶ ጆሮው ይደርሳል። 256 ላይ ታረቅን። መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ 5 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ይቻላል።

የካቲት፣ የመጀመሪያው ዴሞ

ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸው ከኛ አባቶች ይበልጣል፣ ሠርግና ባህላዊ ምሽት ቤት ሲሠሩ የኖሩ። ለሙሉ ሥራው 6,000 ብር ተስማማን።

ዴሞው እንዲህ ነበር። ማሲንቆው ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ብቻውን ያንጎራጉራል። ከዚያ ዝም። ጊታሩና ድራሙ አንድ ላይ ይፈነዳሉ። መሀል ላይ ሙዚቃው ሲረግብ ማሲንቆው ትንሽ ብቅ ይልና ይጠፋል። በየዩቲዩቡ የምትሰሙት ቀመር ነው።

ጋሼ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አውልቀው አስቀመጡትና “እኔን በር ላይ አቁማችሁ እናንተ ገባችሁ” አሉ።

ዴሞው ተጣለ።

ሰው ከዚህ በፊት እንዴት እንዳደረገው ወደ መስማት ዞርን። ስዊሶቹ ሴልቲክ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1987 ቫዮሊን፣ ቼሎና ፍሬንች ሆርን ሜታል ውስጥ አስገብተዋል። ብራዚሎቹ ሴፑልቱራ ለ1996ቱ አልበማቸው የአገራቸው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሻቫንቴዎች ድረስ ሄደው አብረው ቀርጸዋል። ሁለቱንም እወዳለሁ። ግን የኛን ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ የጅማ ልጅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚችው ከተማ ነው የተወለደው። እሱ ሜታል አልነካም። ግን ዜማውን በቅኝቱ ይዞ፣ ከሥሩ የምዕራቡን ሃርመኒ ሲያስገባ ቅኝቱን አልገደለውም። ጊታሪስታችን “እንግዲያው ሪፉን፣ ያንን የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ፣ ከቅኝቱ እናውጣው፣ ማሲንቆውን ከሪፉ ጋር አናስማማው” አለ። ከዚህ በኋላ የሠራነው ሁሉ ከዚህ ነገር የወጣ ነው።

የካቲት፣ አንቺሆዬ ላይ ሁለት ኮርድ

ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ነገር) የራሱ ጸባይ አለው። ሁለት ድምፅ አብረው ሲገቡበት የድምርና የልዩነታቸውን ድምፅ ይወልዳል። አንድ ድምፅና አምስተኛው (ለምሳሌ ዶና ሶል) ከሆኑ የሚወለደው ይስማማል፣ ወፍራምና ጥርት ያለ ይሆናል። ሦስተኛውን (ለምሳሌ ሚን) ከጨመርክበት ግን ጭቃ ነው። ሜታል በፓወር ኮርድ፣ ማለትም በድምፁና በአምስተኛው ብቻ፣ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር። በየቅኝቱ ውስጥ፣ ከቅኝቱ ሳንወጣ፣ ስንት አምስተኛ እናገኛለን? ወረቀት ላይ ቆጠርን። ትዝታ ሜጀር አራት አለው። ባቲ ማይነርም አራት። አምባሰል ሦስት። አንቺሆዬ ሁለት ብቻ።

ጊታሪስታችን ወዲያው ትዝታን መረጠ፣ አራት ኮርድ ስላለው። ሞከርነው። ያምራል፣ ግን ሮክ ነው የሆነው። ባቲም እንደዚያው። በአንቺሆዬ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሶል ስንነሳ አምስቱ ድምፆች ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላትና ሚ ናቸው። ሁለቱ ኮርዶች ዶ እና ሬ ፍላት ላይ ያርፋሉ። በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ነው ያለው። ሁለት ከባድ ኮርድ፣ ግማሽ ድምፅ ተራርቆ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። የሜታል ሪፍ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? በዚያ ላይ ከሶል እስከ ሬ ፍላት ያለው ርቀት ራሱ ትራይቶን (የሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት) ነው፤ ሜታል ከተፈጠረ ጀምሮ የሙጥኝ ያለው ያ ጎምዛዛ ርቀት። በየሠርጉ ስንጨፍርበት የኖርነው ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጊታሩ ድሮፕ ሲ ላይ ወረደ። ማለትም ወፍራሙ ክር ዶ ሆነ፣ ኮርዱ ክሩን ክፍት ትቶ ይመታል፣ ሁለተኛው ኮርድ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ነው። የነበረው ውፍረቱ 10 የሆነ ክር ልክ እንደ ላስቲክ ረገበ። ውፍረቱ 12 የሆነ ተገዛ፣ ለሁለት ጊዜ ቅያሪ 5,600 ብር። ወፍራም ክር ሲገባ አንገቱ ጎበጠ፣ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ሩብ ዙር አጠበቅን፣ ኢንቶኔሽኑም (ድምፁ በየፍሬቱ ልክ መሆኑ) ከሥር ተስተካከለ። ይህ ብቻውን ግማሽ ቀን በላ።

ጋሼ ሪፉን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ምንም ሳይሉ ደጋናቸውን አነሱ።

የካቲት፣ የ50 ኸርዝ ነገር

ቤዙ ሲሰካ ይነፍሳል። ያ የሚታወቀው “ህምምም”። ገመድ ቀየርን፣ ያው ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለን በባትሪ ስናደርገው ቀነሰ። ነገሩ ገባን፤ የቤቱ ሶኬት አርዝ የለውም።

ኤሌክትሪሻን ከመጥራታችን በፊት ግን ቤዚስታችን አንድ ነገር አስተዋለ። ቤዙ ላይ ሶልን ይዞ ሲቆይ፣ ድምፁ በሰከንድ አንዴ ያብጣል፣ ይከሳል። ለካ የመብራቱ ሞገድ 50 ኸርዝ ነው፣ የቤዙ የታችኛው ሶል ደግሞ 49። የሁለቱ ልዩነት አንድ ስለሆነ በሰከንድ አንዴ ይማታሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል። የቲዩነሩን መነሻ፣ ማለትም ላን፣ ከ440 ኸርዝ ወደ 449 ብንወስደው ሶል ልክ 50 ላይ ያርፋል። አደረግነው። ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ፣ ሁሉም ወደ 449 ወጣ። ጋሼን “ትንሽ ከፍ ይበሉልን” ስንላቸው በጆሯቸው አንዴ ጠምዘዝ አድርገው ጨረሱ፣ የኛ ግን ምሽቱን ወሰደ። ሦስተኛው ዘፈን እንዲህ ሆነ። ማንም ሳይነካው የሚጮህ አንድ ድምፅ ከሥር አለ፣ ሁላችንም በሱ ላይ እንጫወታለን።

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመብራት ንፈሳ ብቻውን አይመጣም፣ ብዜቶቹን ያስከትላል። 100 ኸርዙ ሶል ስለሆነ ደህና ነው። 150ው ግን ሬ ነው፣ ከሬ ፍላታችን ጋር ይፋጫል። በኢኪው (የተመረጠ ኸርዝን በሚቀንሰው መሣሪያ) 150ን ብቻ በጠባቡ ቆረጥኩት። ሁለተኛ፣ መብራት ይጠፋል። የግቢው ጀነሬተር ሲነሳ ድምፁ ይዋልላል፣ ቲዩኒንጉ ፉርሽ ነው። ስለዚህ መብራት ባለበት ምሽት ንፈሳውን ለብቻው ረጅም አድርገን ቀረጽነው፣ ከዚያ በኋላ የምንጫወተው በሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ዋሽንት ነው። ዋሽንት ቀዳዳው ከተበሳ ተበሳ፣ ወደ 449 አይጠመዘዝም። ዋሽንት የሚነፋልን ልጅ ያሉትን ሁሉ ይዞ መጣ፣ የሚገጥም አልተገኘም። ከዚህ ዘፈን ወጣ፣ አምስተኛው ላይ ይገባል።

ለሌሎቹ ዘፈኖች የመዳብ ዘንግ ጓሮ ተቀብሮ አርዝ ተሠራ። ዘንጉም የእጅ ዋጋውም 1,800 ብር። ንፈሳው ከሞላ ጎደል ጠፋ።

የካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ፣ ሁለት ጾም

ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። ግማሻችን አንዱን፣ ግማሻችን ሌላውን እንጾማለን። ጩኸት ቆመ። እትዬም ቀድመው “በጾም እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ” ብለዋል። ለቀረጻ የሚመቸው ሰዓትም ጠበበ። በአዛኑና በቅዳሴው ድምፅ ማጉያ መካከል ያለው ጸጥታ ነው የኛ ስቱዲዮ። ከበሮ መቺያችን ከአፍጥር በኋላ ነው የምትመጣው፤ ሳምቡሳ ይዛ ስለምትመጣ ማንም አልተቃወመም።

በዚህ ጊዜ የታሰበው በገና ነበር። የበገና ድምፅ የሚነዝረው በክሩና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ስላለች ነው። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ይነካል፣ ያ ወፍራም ዝዝዝታ ይወጣል። ዲስቶርሽን ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ዲስቶርሽን ነው። በገና የሚያስተምር አንድ ወንድም ጠየቅን። በትህትና እምቢ አለ። “በገና ለጸሎት ነው። ከሌላው ሁሉ ጋር ጥሩ ነው፣ ከዚህኛው ጋር ግን አይሆንልኝም” አለን። አልተከራከርንም። ልክ ነው። ይልቅ ጥበቡን ክራር ላይ ብንሞክረውስ አልን።

ከጫማ ሰፊ የተረፈ ስስ ቆዳ አመጣን። በስሱ ቀደን በክራሩ በርኩማና በክሮቹ መካከል ሸጎጥን። የመጀመሪያው ቆዳ ክሩን ጭራሽ አፈነው። ድምፁ “ጡብ” ብሎ ይሞታል። ቀጠን ሲል ምንም ለውጥ የለም። የሚሠራበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ቆዳው ክሩን የሚነካው ክሩ ሲርገበገብ ብቻ መሆን አለበት። በመርፌ ጫፍ እየገፋን፣ አንዱን ክር ስናስተካክል ሌላው እየተበላሸ፣ በመጨረሻ ስድስቱም ዘመሩ።

አሁን ማይኩ። ኮንደንሰሩ የክፍሉንም የዝናቡንም ድምፅ ይሰበስባል። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት ፒዬዞ የምትባለዋን ክብ ጩኸት ማውጫ በ150 ብር ገዛን፤ ሰዓትና አሻንጉሊት ውስጥ ያለችው ናት። ሁለት ሽቦ በየድን፣ የክራሩ ቆዳ ላይ በሁለት ጎን ፕላስተር ለጠፍን። በማይክ መስመር ስንሰካት ቀጭን፣ ባስ የሌለው ድምፅ ሰጠች። ፒዬዞ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ያለው ግቤት ትፈልጋለች። ወደ ጊታር ግቤቱ ስናዞራት ባሱ ተመለሰ።

ያን ክራር በአምፕ ፕሮግራሙ ውስጥ ስናሳልፈው ጌይኑን (የማጉያውን መጠን) ግማሽ ድረስ እንኳ ማውጣት አላስፈለገም። ራሱ ይነዝራል። የሁለተኛው ዘፈን ዋና ሪፍ ከጊታሩ ተወስዶ ለክራሩ ተሰጠ። ጊታሪስታችን ትንሽ አኮረፈ፣ ግን እሱም ሰማው።

መጋቢት፣ 780

የከበሮ መቺያችን ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። ብላስት ቢት፣ ያ የሜታል እጅግ ፈጣን የድራም አመታት፣ በ195 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ይሄዳል፣ በአንድ ምት አራት። በእጅ ከበሮ ይህን ማድረግ አይቻልም። እሷ የምትመታው ጭክጭካ ነው፣ ስድስት ስምንተኛ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናስቀምጥ ይተራመሳሉ።

እሷው ናት በወረቀት ያወጣችው። 195 ሲባዛ በ4፣ 780። ጭክጭካውን በ130 ብትመታና እያንዳንዱን ምት ለስድስት ብትከፍለው፣ እሱም 780። በደቂቃ ያለው ትንሹ ምት አንድ ነው። ስለዚህ ድራሙ በፍጥነት ሲወርድ እሷ ዝግ ብላ ትመታለች፣ አይላቀቁም። ለሜትሮኖሙ 130 ሰጠናት፣ ሚዲውን በ195 ጻፍኩት። ጭንቅላት የሚያዞር ነው፣ ጆሮ ግን ወዲያው ይገባዋል። እስክስታ የሚወርድበት ብላስት ቢት። ልጅቷ ራሷ ትከሻዋን እየሰበቀች ነው የቀረጸችው፣ የሸሚዟ ኮሽታ ቀረጻው ውስጥ አለ።

ሚያዝያ፣ ቱቦ

ከጅማ ደቡብ ያለው የዳውሮ ሕዝብ ዲንካ የሚባል ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ በቡድን ይነፋል። ቡድኑን ማምጣት ከበጀታችን ውጪ ነው፣ ግን ያ የታች ድምፅ አማረን። የ6 ሜትር ፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በ900 ብር ገዛን። በአንድ ጫፍ በከንፈር የሚነፋ ቱቦ ድምፁ በርዝመቱ ይወሰናል። የድምፅ ፍጥነት 344 ሜትር በሰከንድ ብለን አሰላነው። ለ50 ኸርዝ 1.72 ሜትር፣ ለላ ፍላት 1.62፣ ለዶ 1.29፣ ለሬ ፍላት 1.22። ሲደመር 5.85። ለሚ የተረፈ ቱቦ የለም፣ ሚ ትቅር።

ጫፉ ከንፈር ይቆርጣል። ከማር ሻጭ ሰም ወስደን ዙሪያውን ለበጥን። ዲንካ ነው አንልም፣ የውሃ ቱቦ ነው። ግን አራት ሰው ተሰልፎ እየተቀባበለ ሲነፋው ወለሉ ይነዝራል።

ግንቦት፣ ጩኸት

ጾሙም በዓሉም አለፈ። አሁን መጮህ ይቻላል።

ድምፃዊያችን ግራውል (ከጉሮሮ የሚወጣ የሜታል ጉርምርምታ) ያደርጋል። ችግሩ ግጥሙ አይሰማም። አማርኛ ውስጥ የጠበቀና የላላ ፊደል ካልተለየ ትርጉም ይጠፋል፣ ግራውል ደግሞ ሁሉንም ያላላዋል። ስለዚህ ግጥም የሚሸከመው ፉከራ ሆነ፣ ግራውሉ ከሥሩ እንደ መሣሪያ ይሄዳል። ፉከራ በተፈጥሮው ለዚህ የተሠራ ነው። አጭር ስንኝ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ መጨረሻው ላይ የሚወርድ።

ሰማዩ ቢያጓራ ደመናው ቢያገሳ፣
ገለፈቱ ነዶ ፍሬው ግን ተነሳ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ጌራርሳ፣ የኦሮሞ የጀግንነት ዘፈን፣ አለ። ቤዚስታችን የሰቃ ልጅ ነው፣ አያቱን ይዞ መጣ። አካኮ ማይክ ፊት ቆመው የመጀመሪያዋን ስንኝ ሲያወጡ ቀዩ መብራት በራ። ድምፁ ተሰነጠቀ። ጌይን ቀነስኩ፣ እሳቸውም ጨመሩ። “አካኮ፣ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልን?” ብሎ የልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ ጠየቃቸው። “ጀግና በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚዘፈነው?” አሉት። ማይኩን ይዘን በሩ ድረስ ወጣን። እሳቸው በውስጥ፣ ማይኩ ደፍ ላይ። ከሁሉም ቀረጻ የተሻለው ይህ ነው። ርቀቱ ራሱ ድምፃቸውን አገነነው።

እትዬ ልብስ ሲያሰጡ ግራውሉን ሰምተው መጡ። “ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው?” ድምፃዊው ጉሮሮውን ሲያሳያቸው ዳማከሴ ቆርጠው ላኩለት።

ሰኔና ሐምሌ፣ ርጥበት

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራስህን ድምፅ አትሰማም። ቀረጻ ከሞላ ጎደል ቆመ። ዝናብ ሳይኖርም ርጥበቱ አለ። የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል፣ ድምፁ ዝቅና ደብዘዝ ይላል። ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት “እሳት አምጡ” ነው። ከሰሉ ላይ አዙረው አዙረው ያሞቁታል። ቆዳው ሲወጠር በጥፍራቸው መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ተወጥሮ የሚቆየው ግን ለአንድ ዘፈን ያህል ነው። ከዚያ እንደገና እሳት። ስለዚህ የማሲንቆ ትራኮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ነው የተቀረጹት፣ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ድምፁ በትንሹ ይወርዳል። ጊታሪስታችን በሶፍትዌር እናስተካክለው አለ። አስተካከልኩትና ሰማነው። ማሲንቆው ኪቦርድ መሰለ። መልሼ ሰረዝኩት።

ገለፈቱም ሻገተ። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ጆንያዎች ከሥር ረጥበው ነጭ ሻጋታ አወጡ፣ ክፍሉ የተበላሸ ቡና ይሸታል። ድምፃዊው ማሳል ጀመረ። ከሥር ያሉት ተጣሉ፣ የተረፉት በጣውላ ርብራብ ላይ ከወለሉ ከፍ ብለው ተቀመጡ። እንደገና የምሠራው ቢሆን ገለፈቱን ፀሐይ ላይ ሳላደርቅ አንድም ጆንያ አልሞላም።

ዝናቡን ራሱን ቀረጽነው። አምስተኛው ዘፈን የሚጀምረው በሱ ነው፣ ዋሽንቱ ከውስጡ ይወጣል።

ነሐሴ፣ ሚክሲንግ

ትልቁ ችግር ማሲንቆው መሰጠሙ ነው። ጊታሩ የተሞላበት ሠፈር ውስጥ ነው ማሲንቆውም የሚኖረው፣ ከ300 ኸርዝ እስከ 3,000 አካባቢ። ድምፁን ስጨምረው ይጮሃል እንጂ አይሰማም።

የሞከርኩት በቅደም ተከተል ይህ ነው። ጊታሮቹን ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ ገፋኋቸው፣ ማሲንቆው መሀል ቀረ። ትንሽ ረዳ። ከጊታሩ 1,500 ኸርዝ አካባቢ በሰፊው ቀነስኩ። ረዳ፣ ግን ጊታሩ ጥርሱ ወለቀ። መለስኩት። በመጨረሻ የጊታሩን ዲስቶርሽን በሦስተኛ ያህል ቀነስኩት። ጊታሪስታችን እዚህ ጋ ሊደባደበኝ ነበር። ግን ጌይን ሲበዛ የእያንዳንዱ ምት ጫፍ ይሟሟል፣ ሁሉም አንድ ወጥ ወንፊት ይሆናል። ሲቀንስ ምቱ ይታያል፣ በምትና በምት መካከል ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ማሲንቆው የገባው በዚያ ክፍተት ነው። ጊታሩም ከበፊቱ ይልቅ ከበደ። እሱ አሁንም “ከበደ” ብሎ አላመነም፣ ግን መልሰው አላለም።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ አንዱን ጊታር ጭራሽ አጠፋሁት። የሚነዝረው ክራር ቦታውን ይዟል።

ፋይሎቹን ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) በኢንተርኔት መላክ ጀምረን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጭኖ ንጋት ላይ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ጀመረ። ሃርድ ዲስኩን ለሚያውቁት የአውቶብስ ረዳት ሰጠን። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማታውኑ ደረሰ።

ከማስተሪንግ ባለሙያው የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ሦስተኛው ዘፈን ላይ የመብራት ንፈሳ አለ፣ ላጽዳው?” የሚል ነበር። እንዳይነካው ተነግሮታል። ሁለተኛው የድምፅ መጠኑን ይመለከታል። ስፖቲፋይ በተለመደው ቅንብሩ ዘፈኖችን ወደ ነጌቲቭ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ስለሚያስተካክል ጨፍልቆ ማስጮህ ትርፍ የለውም ተባባልን። የአካኮ ድምፅ ከደፍ ላይ ሲመጣ ቀሪው ዝቅ ካላለ ምን ዋጋ አለው?

እስካሁን የወጣው ኪራዩን፣ ዕቃውን፣ 14,000 ብር የወጣበትን ዩፒኤስና የማስተሪንጉን 15,000 ጨምሮ ወደ 120 ሺህ ብር ተጠግቷል። ኮንደንሰር ማይኩን የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፣ በ7,500። ሽፋኑ አልተሠራም። ድምፃዊው የራስ ቅል ይፈልጋል፣ ከበሮ መቺዋ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ትላለች። እኔ ከበርጩማው ጋር ነኝ። ቤዚስታው ገና ድምፁን አልሰጠም። ቅዳሜ እንወስናለን፣ የተረፉትን ጆንያዎችም ያኔ እናወጣለን፤ እትዬ ለማገዶ እፈልጋቸዋለሁ ብለዋል።